ምንም ያልገዛንበት ሳምንት

ያን ጊዜ በከተማችን በታንታ ፖርት ሰይድ ደርሳ የመጣች ሴት ገና ከሩቅ ትለያለች፤ ወፍራ ነው የምትመለሰው። ከቀረጥ ነፃው ከተማ የገዛችውን ቀሚስ ሁሉ ደራርባ ትለብስና፣ መውጫው በር ላይ የቆመውን የጉምሩክ ፈታሽ «የራሴ ልብስ ነው፣ ምን ትፈልጋለህ?» ብላ ታልፈዋለች። ታንታ ደርሳ የፎቃችንን ደረጃ እያለከለከች ስትወጣ እኛ ልጆች ከኋላዋ እንከተላለን። ከላይኛው ቀሚስ ሥር የሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ሥር የሦስተኛው ጠርዝ ብቅ ብሎ ሲታየን ሳቃችንን መያዝ ያቅተናል። ለእኛ ፖርት ሰይድ ማለት ይኸው ነበር፤ ሰው ቀጥኖ ገብቶ ወፍሮ የሚወጣበት፣ ቸኮሌቱ የውጭ የሆነ፣ ፀሐይና ባሕር የማይጠፋበት ከተማ።

ስለዚህ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን፣ እማዬ በጠዋት ቀስቅሳ «ተነሺ ኢናስ፣ ፖርት ሰይድ ልንሄድ ነው፤ ለአንድ ሳምንት» ስትለኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። የምፈልገውን ቀድሜ አውቄዋለሁ። የሚንሸራተቱበት ባለ ጎማ ጫማ፤ ቀይ፣ ማሰሪያው ነጭ። ክፍላችን ውስጥ ሺሪን የምትባል ልጅ ነበራት። አንዱን እግር ብቻ አስሞክራኝ «ሁለቱን ከፈለግሽ ግዢ» ብላኛለች።

መጀመሪያ የሮጥኩት ለናድያ ልነግራት ነው። ናድያ ከላያችን ያለው ቤት ውስጥ ገና በቅርቡ የገባች ተከራይ ነበረች። ወጣት ናት፣ ትስቃለች፣ ጥፍሬን ሮዝ ትቀባኛለች። አባዬም ቧንቧዋ ሲበላሽ፣ መብራቷ ሲቃጠል እየወጣ ይጠግንላታል። የእኛ ወጥ ቤት ቧንቧ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም፤ ለጎረቤት እንዲህ የሚያስብ ሰው በመሆኑ እኮራበት ነበር። ደረጃው ላይ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ለናድያ ልነግራት ነዋ። ምናልባት እሷም የምታስልከን ነገር ካለ...»

እጄን ለቀቀችው። ፊቷን አዙራ ግድግዳውን አየች። ከዚያ፣ «ውረጂ። አጎትሽ እየጠበቀ ነው» ብቻ አለች።

ናድያ የአባዬ ሁለተኛ ሚስት መሆኗን፣ ኒካሑ ከታሰረ ወራት እንዳለፉትና ከእኔ በቀር ሕንጻው ውስጥ የማያውቅ እንዳልነበረ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ያደረሰን የእማዬ ታላቅ ወንድም አጎቴ ፈትሂ ነበር። በቶሎ የሚቆጣ፣ በቶሎ የሚስቅ ሰው ነው፤ ሲነዳ ግን ከሁለቱም አንዱን አያደርግም። ፖርት ሰይድ ሲያወርደን ሻንጣችንን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠና፣

«አንድ ሳምንት፣ ራውያ» አላት። «ዓርብ እመጣለሁ። የምታሳዪኝ ነገር ካለሽ ታሳዪኛለሽ። ከሌለሽ ግን በዚሁ መኪና ወደ ቤትሽ፣ በክብርሽ ትመለሻለሽ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች እማዬ።

«እኔም አሳይሃለሁ አጎቴ!» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ምኑን ነው የምታሳዪኝ?»

«የምገዛውን ሁሉ!»

ሊስቅ አፉን ከፈተና እማዬን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ያረፍነው አረብ ሰፈር፣ በረንዳው ሁሉ እንጨት በሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ኡም ሰፍወት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ባከራየችን አንዲት ክፍል ነው። ኡም ሰፍወት ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ጣቷን ቀሰረች። «ምድጃ አይለኮስም። አንዲት የማንሱራ ሴትዮ መጋረጃዬን አቃጥላብኛለች። ሻይ እንኳ የለም፤ ውጪ ትጠጣላችሁ።»

እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። ምድጃ ከሌለ በየቀኑ ምግብ ቤት ነው ማለት ነዋ! በበረንዳው በኩል ነፋሱ የባሕር ሽታ ይዞ ይገባል። «ባሕሩ መቼ ነው?» አልኩ። እማዬ ሻንጣውን እየከፈተች፣ «መጀመሪያ ሱቆቹን እንይ» አለች።

አየናቸው። አላህ ያውቃል፣ እንደዚያ ሳምንት ሱቅ አይቼ አላውቅም። ከንግድ መንገድ እስከ ሐሚዲ ገበያ አንድም በር አልቀረንም። ቀሚሶች እስከ መንገዱ መሐል ተሰቅለዋል፤ ሱሪ በክምር ነው፤ ሻጮቹ ወንበር ላይ ቆመው «በነፃ ነው! በነፃ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ከየአውቶቡሱ የሚወርደው ሕዝብ እንደ ጎርፍ ነው። እማዬ አንዱ ሱቅ ትገባለች። ቀሚስ ታነሳለች። ግን እንደ ሰው በፊቱ በኩል አታየውም፤ ትገለብጠውና ስፌቱን፣ ጠርዙን፣ ክንዱ የገጠመበትን በጣቷ ትዳስሳለች። ከዚያ «ባለቤቱን ማግኘት ይቻላል?» ትላለች። ባለቤቱ ይመጣል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር ትለዋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እንወጣለን። ቀጥሎ ያለው ሱቅ እንገባለን።

«እማዬ፣ ያ ሰማያዊው ያምርብሽ ነበርኮ!»

«አየሁት።»

«ታዲያ አትገዢውም?»

«ነይ፣ ሌላ እንይ።»

ከሁሉ የማልረሳት የመጀመሪያ ቀን የገባንባት ሱቅ ባለቤት ሐጃ ደውለት ናት። ገዝፋ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ አፏ ለማንም የማይመለስ ሴት ነበረች። እማዬ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትነግራት እሷ መልሱን ሱቁ ሙሉ እንዲሰማው አድርጋ ሰጠች።

«እዚህ የሚመጣ ሰው ገዝቶ ይሮጣል የኔ እህት! አውቶቡሱ ጥሎት ሊሄድ ነው፤ ማን ነው ቁጭ ብሎ ሱሪ የሚያሳጥረው? ያጠረውም የረዘመውም ቤቱ ይገባና ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቅ! ለእኔ ምን ቸገረኝ?»

ሻጮቹ ሳቁ። እኔ በሃፍረት ጆሮዬ ጋለ። እማዬ ገና ያልገዛችውን ሱሪ አሳጥሩልኝ ማለቷ ነው የመሰለኝ። ከእናቶች ሁሉ የእኔ እናት ገንዘቧን የምትሰስት፣ ነጋዴ የምታስለፋ፣ ምንም የማይጥማት ሆና ታየችኝ። ሥራ እየለመነች መሆኗ በሐሳቤ አልመጣም። በእኔ ዓለም እናት ሥራ የላትም፤ ልብሳችንን ሁሉ የምትሰፋው እጇ ስለማያርፍ ነው እንጂ ሥራ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ሰው ግን እሺ አለ። ትልቅ ሱቅ ያለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት ሰው ነው። እማዬን በደንብ አዳመጣት። እኔንም ጉንጬን ቆንጥጦ ከረሜላ ሰጠኝ። «ከሰዓት ነይ፤ ሱቁ ለዕረፍት ሲዘጋ ተረጋግተን እንነጋገራለን» አላት። እማዬ ያን ቀን ምሳ ላይ ሳቀች። የጉበት ሳንዱች ገዛችልኝና፣ ራሷ ግማሿን ብቻ በልታ፣ «ኢናስ፣ ባሕር አጠገብ መኖር ትወጃለሽ?» አለችኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? «ባሕሩን መጀመሪያ ልየዋ!» አልኳት።

ከሰዓት ስንሄድ የሱቁ መዝጊያ ግማሽ ድረስ ወርዷል። እማዬ ጎንበስ ብላ ገባች፤ እኔን «እዚህ ጥላው ላይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ፊት ለፊቴ የመጫወቻ ሱቅ ነበር። መስኮቱ ውስጥ፣ ወላሂ፣ ቀይ ባለ ጎማ ጫማ! ማሰሪያው ነጭ! ተነስቼ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሳልጨርስ እማዬ ወጣች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። እጄን ይዛ መሄድ ጀመረች፤ መሄድ ሳይሆን ሩጫ ነው።

«እማዬ ቆይ! ጫማው! እይው፣ ያ ነው...»

አልቆመችም። እጄን አስለቅቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «አልነሳም! አንቺ ምንም አትገዢም! ሰው ሁሉ ይገዛል፣ አንቺ ብቻ!» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥፊ መታችኝ። በሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ መንገዱ መሐል አጠገቤ ቁጭ ብላ ቀሚሴን አራገፈችልኝ። ሰውዬው ዋጋ ቢቆልልባት ነው ብዬ አሰብኩ።

ምን እንዳላት ነግራኝ አታውቅም። እኔም በኋላ ሴት ሆኜ ሥራ ፈልጌ አውቃለሁና መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ ጉብኝት ጀመርን። ይኸውም ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። ጉብኝቱ ማለት ከውሃው ማዶ ወዳለችው ፖርት ፉአድ የምታሻግረው ጀልባ ናት፤ አይከፈልባትም። መጀመሪያ ስንሳፈር እኔ ከአጥሩ ላይ አልወርድም ብዬ አስቸገርኩ፤ መርከብ እንደ ሕንጻ ሆኖ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ ወፎቹ ከላያችን ሲንጫጩ አየሁ። ተሻገርን። እማዬ ከጀልባዋ አልወረደችም፤ ተመለስን። ደግሞ ተሻገርን። ደግሞ ተመለስን። ጥላው ሥር፣ ነፋሱ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጀልባዋ ትኬት ቆራጭ ስለሌላት ማንም ውረዱ አይለንም። በፀሐይ በየሱቁ ስታዞረው የዋለችውን እግሯን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ እንዳልነበራት ማን ይንገረኝ? እኔ መርከብ እስኪያስጠላኝ ድረስ መርከብ አየሁ።

ጀልባዋ ሲሰለቸኝ በባሕሩ ዳር መንገድ ወስዳ አንድ ትልቅ የድንጋይ መቆሚያ አሳየችኝ። መርከቦቹ የሚያልፉበትን ቦይ ያስቆፈረው ፈረንጅ ሐውልት ነበረበት፤ በጦርነቱ ጊዜ የከተማው ሰዎች አፈረሱት አለችኝ።

«የታለ?» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሐውልቱ ነዋ!»

«የለም አልኩሽ እኮ፣ አፈረሱት።»

«ታዲያ ምን ልናይ ነው የመጣነው?»

እማዬ ድንጋዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሳቅ ያዛት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ግን ይበልጥ ተናደድኩ። ከኋላችን ባሕሩ አለ፤ ልጆች ይጮኻሉ፣ ውሃ ይረጫጫሉ፤ እኛ ጀርባችንን ለባሕር ሰጥተን የሌለ ሰው እናያለን። ንዴቴን አየችና «ሐሙስ» አለች። «ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ባሕር። ቃሌ ነው።»

ረቡዕ ዓሣ ቤት ገባን። እማዬ ለእኔ ብቻ አዘዘች። «አንቺስ?» ስላት «የታንታው ምግብ ገና አልተፈጨልኝም» አለችኝ፤ እኔም አምኜ ሁለተኛውን ዓሣ ብቻዬን ልጨርስ ስል ከበሩ በኩል «ራውያ! የኢናስ እናት!» የሚል ጩኸት መጣ። የሕንጻችን ሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ኢንሳፍ ነበረች። ወደ መመለሷ ስለሆነ ወፍራለች፤ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ለብሳ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። አጠገባችን ተጠጋግታ ተቀመጠችና ለሦስታችንም የሚሆን ሽሪምፕና ሩዝ አዘዘች።

«ምን ገዛሽ? አሳዪኝ!» አለች።

«ገና ነኝ።»

«ገና? እኔ በጠዋት መጥቼ ይኸው ጨረስኩ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥሩ አደረግሽ መምጣትሽ። ትንሽ ይሞክረው። እኔ አንቺን ብሆን ኖሮማ የላይኛውን በር ሰብሬ ፀጉሯን... እንዲያው ጭራሽ እኮ ከላይሽ! ሰው እንዴት ከላይ...»

«ኢንሳፍ» አለች እማዬ። ወደ እኔ በዓይኗ አመለከተቻት።

ኢንሳፍ አየችኝ። «ብዪ የኔ ቆንጆ፣ ሽሪምፕ ብዪ» አለችና ሳህኔን ሞላችው። ስለ ላይኛው ቤት ቧንቧ ነው የሚያወሩት ብዬ ገመትኩ፤ ውሃው ወደ እኛ ጣሪያ ሊያፈስ ይሆናል።

በልታ ስትነሳ ከኢንሳፍ ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ። የላይኛው ቀሚሷ ዚፕ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። አበደች። ቀሚሱን የገዛችው ከሐጃ ደውለት ነበርና በአንድ እጇ ጀርባዋን ይዛ ወደዚያው ገሰገሰች፤ እኛም ተከተልናት።

«መልሺልኝ!» አለች ደጃፉ ላይ። «ይኼ ምን ልብስ ነው?»

«ልብሱ ምን አጠፋ?» አለች ሐጃ ደውለት። «ልብሱ የተሰፋው ለአንድ ሰው ነው! አንቺ ሰፈሩን ሁሉ አልብሰሽው መጣሽ!»

ሰው ተሰበሰበ። ኢንሳፍ ልታለቅስ ደረሰች፤ አውቶቡሷ ሊነሳ ነው፣ ጀርባዋን ከፍታ ደግሞ ጉምሩክ ፊት አትቆምም። እማዬ ያኔ ማንንም ሳትጠይቅ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። ኢንሳፍን ወደ ግድግዳው አዞረቻት። «ሆድሽን ሳቢ። አትተንፍሺ» አለቻት። የጎኑን ስፌት ፈታ ከውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ ለቀቀችለት፤ ዚፑን በቦታው መልሳ ወጋ ወጋ አደረገችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ኢንሳፍ ተነፈሰች። ዚፑ ቻለ። አንዲት የማታውቀን ሴትዮ ወዲያው ከከረጢቷ ሱሪ አወጣች። «እባክሽ እህቴ፣ ይቺን እግሯን ብቻ ታሳጥሪልኛለሽ? ባሌ ቁመቱ አጭር ነው።» ሌላዋም ቀሚስ ይዛ ተጠጋች። እማዬ ደጃፉ ላይ ባለ በርሜል ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ሴቶቹ እየጠበቁ ሱቁ ውስጥ ገብተው ሌላ ልብስ ማንሳት ጀመሩ።

ሐጃ ደውለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ይህን ሁሉ ታያለች። ሲመሻሽ አካባቢ መጥታ እማዬ ፊት ቆመች።

«ነገ በጠዋት ነይ» አለች። «የስፌት መኪና ከእህቴ ቤት አስመጣለሁ። የነገው ዕለት ከተሳካ እናያለን። ካልተሳካ እኔ አላውቅሽም፣ አንቺም አታውቂኝም።»

«እሺ፣ እመጣለሁ ሐጃ» አለች እማዬ። «አላህ ያክብርልኝ።»

ነገ ሐሙስ ነው።

ሐሙስን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ከሱቁ በር በስተግራ ወንበር፣ የስፌት መኪና፣ እማዬ። አጠገቧ ካርቶን ላይ እኔ፤ ስፒል የሞላ የሰርዲን ቆርቆሮ ይዤ። የዋና ልብሴን ከቀሚሴ ሥር ለብሼዋለሁ፤ ላብ ሰውነቴ ላይ አጣብቆታል። ሰው ይመጣል፣ ሱሪ ይለካል፣ እማዬ ተንበርክካ የማታውቀውን ሰው እግር ሥር ስፒል ትሰካለች። እናቴ! ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ልጆች ያዩናል። አንዷ በእኔ ዕድሜ ያለች ለእናቷ፣ «ልጅቷ ስፒል ነው የምትሸጠው?» ስትል ሰማሁ።

«ስፒል» ትላለች እማዬ እጇን ዘርግታ።

አልሰጣትም።

«ኢናስ፣ ስፒል።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቃሌ ነው ብለሽ ነበር።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ነገ...»

«ነገ አጎቴ ይመጣል! ነገ ወደ ቤታችን ነው!»

እማዬ ራሷ ጎንበስ ብላ ስፒሉን አነሳች። ያን ቀን ሁለተኛ ቃል አልተናገርኳትም። እሷም ዕረፍት አልነበራትም፤ ሐጃ ደውለት ከውስጥ እየወጣች «ይኼኛው ይቸኩላል! ያቺ ትቅደም! ምን ታያላችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ፣ እዚሁ እናስተካክላለን!» ትላለች። የመጀመሪያ ቀን የሳቁብን ሻጮች ለእማዬ ሻይ ያመጡላት ጀመር። ለእኔ ግን ሁሉም ያው ነበር። ሳምንቴን በልተውብኛል።

ዓርብ አጎቴ ፈትሂ መኪናውን ከሱቁ ማዶ አቁሞ ሲወርድ፣ ካየሁት ሰው ሁሉ እሱን ያህል የናፈቀኝ ያለ አልመሰለኝም። ቦርሳዬን ጠዋት ይዤ ወጥቻለሁ። ወደ እሱ ስሮጥ እሱ እኔን አላየኝም፤ እማዬን ነው የሚያየው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

እማዬ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነበር። አወጣችውና ተነሳች። «የምታሳዪኝ ካለሽ አሳዪኝ አላልከኝም? ይኸው።»

«ይኸው? የአባታችን ልጅ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች? ይኼን ነው የምታሳዪኝ?»

«ሱሪው ምን ሆነ?» አለች ሐጃ ደውለት ከበሩ። «አዲስ ነው፣ ገና ማንም አልለበሰውም!»

«አንቺ ዞር በይ፣ ይኼ የእኛ ጉዳይ ነው!»

«ደጃፉ የእኔ ነው ጌታው። ጉዳያችሁን ይዛችሁ ማዶ ተሻገሩ፣ እኔም ዞር እላለሁ።»

አጎቴ ወደ እማዬ ተጠጋ። ድምፁን ቢቀንስም ይሰማኛል። «ራውያ፣ ምን አጎደለብሽ? አገባ፤ እሺ፣ አገባ። ያቺኛዋን ማሐላ ከተማ አስቀምጧታል፤ ከቤትሽ አላወጣሽም፣ ፊትሽ ላይ አላመጣብሽም። ይኼን እንኳ ያላገኙ ስንት ሴቶች አሉ? ለኩራት ብለሽ ልጅሽን ጎዳና ላይ ታሳድጊያለሽ?»

እማዬ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። ተወችው። «አልመለስም» ብቻ አለች።

አባዬ የጭነት መኪና ነበረው፤ አጎቴ «አገባ» ሲል ሁለተኛ መኪና አስገባ ማለቱ፣ ማሐላ ያለችው «ያቺኛዋ»ም እሷው መኪና ናት ብዬ ነበር። እማዬ በመኪና ተቀይማ ይሆናል እንዲህ የምታደርገን።

«ልጅቷስ?» አለ አጎቴ።

«እኔ እሄዳለሁ!» አልኩ። «እኔ ከአጎቴ ጋር ነኝ!»

እማዬን አላየኋትም። መንገዱን ተሻግሬ፣ በሩን ከፍቼ፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ መጣና መሪውን ያዘ፤ ሞተሩን አስነሳ፤ ግን አልነዳም። በመስኮቱ እማዬን ያያል። «ትመጣለች» አለኝ። «ትንሽ እንጠብቃት። አንቺን ትታ የት ልትቀር!»

ያዘነ መስሎኝ ላጽናናው ፈለግሁ።

«ባትመጣም ምንም አይደል አጎቴ። ናድያ አለችልኝ።»

ዞሮ አየኝ። «የትኛዋ ናድያ?»

«የላይኛዋ ናድያ። ከእኛ በላይ ያለችው። ጥፍሬን የምትቀባኝ።»

«ከእናንተ በላይ?»

«አዎ፣ ከመኝታ ቤታችን በላይ። ስትራመድ ይሰማናል። አባዬ እሷ ጋ ሲያመሽ የእሱም እርምጃ ይሰማናል፤ እማዬ ጣሪያውን እያየች ነው የምትተኛው።» ደስ እንዲለው ሌላም ጨመርኩለት። «የእማዬን አምባሮች እንኳ የምታስቀምጥላት ናድያ ናት። የሴት አያቴን፣ ወርቆቹን። አባዬ ሊያስወለውላቸው ወስዷቸው ነበር፤ አሁን ናድያ እጅ ላይ ናቸው። ስታጨበጭብ እንዴት እንደሚንሿሹ ብታይ!»

አጎቴ ሞተሩን አጠፋው። ሁለት እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ግንባሩን እላያቸው ላይ ደፋ። የእናቱ አምባሮች ነበሩ። እኔ ግን ፀሐዩ የመታው ነው የመሰለኝ፤ «ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት።

ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «ይኼን ለእኔ እንደነገርሽኝ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ሰማሽ? በጭራሽ።» ከዚያ ወረደ፤ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ክንዴን ይዞ አወረደኝ፤ ቦርሳዬንም አወጣ። መንገዱን መልሶ አሻገረኝ። እማዬ መቀስ በእጇ እንደያዘች ቆማለች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል። አጎቴ ፊቷ ቆመ። ወደ ስፌት መኪናው፣ ወደ ሱሪዎቹ ክምር አየና፣

«ሥራሽን አየሁት» አላት። «ጥሩ ነው። ልጅቷ ካንቺ ጋር ትሁን።» ራሷን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳማት። ለሐጃ ደውለትም «አደራዎትን» አላት፤ እሷም አሁን ከበሩ ዞር አለችለት።

ሲሄድ ተከትዬው ሮጥኩ። «አጎቴ! ምን አደረግኩህ? አጎቴ!» መኪናው አልቆመም። ጫማዬ አንዱ መሐል መንገድ ላይ ወለቀ፤ በባዶ እግሬ ትኩስ አስፋልት ላይ ቆሜ እስኪታጠፍ ድረስ ጮህኩ። ያለኝን ጥሩ ወሬ ሁሉ ነግሬው እሱ እንደ ዕቃ መልሶኝ ሄደ። እማዬ መጥታ አነሳችኝ፤ ትከሻዋን ነከስኳት። አልጮኸችም።

እነሆ ፖርት ሰይድ ከቀረን ዕድሜ ሆነን። ያን ጊዜ ባሕሩ ውስጥ መቼ እንደገባሁ እንኳ አላስታውሰውም፤ አንድ ቀን ገብቼ ይሆናል፣ ከዚያ ባሕሩ የሰፈር ነገር ሆነ። አጎቴ ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እጁ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ አምባሮቹ። «ባልሽ ነው የላካቸው» አላት። «የእሷ ናቸው፣ ስጣት ብሎኝ ነው።» እማዬ ሁለቱን ሸጣ የራሷን የስፌት መኪና ገዛች፤ ቀሪዎቹን እስከ ዛሬ አጥልቃቸዋለች። አባዬን ሰው ክፉ ሲለው፣ «አምባሬን ግን መለሰልኝ» ትላለች፤ ያቺን አንዲት ነገር ይዛ ይቅር ብላዋለች።

አጎቴ እንዴት እንዳስመለሳቸው የነገረኝ በእርጅናው፣ እዚሁ በረንዳችን ላይ ሆነን ነው። ያን ቀን ከፖርት ሰይድ በቀጥታ ታንታ ነድቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ የላይኛውን በር አንኳኩቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እሱና አባዬ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተነጋገሩም። «ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ሳምንት አላስለፋትም ነበር» አለኝ። ለምን እንዳልነገረችው ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ከአባዬ ጋር ደም እንዳይቃባ ፈርታ ነው።

እማዬ አሁን በሥሯ የሚሠሩ ሴቶች አሏት። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ሁሉ የምትሰማው አንድ ታሪክ አለ። «ወንድሜ ሊወስደኝ መጥቶ ነበር» ትላቸዋለች። «ተቆጣ፣ ጮኸ። ከዚያ እጄን አየ። ሥራዬን ቆሞ አየና ምንም ሳይል ሄደ። ፈትሂን የሚያህል ሰው ያሸነፍኩት በዚች መርፌ ነው።» ልጆቹ ወደ እኔ ዞረው፣ «እውነት ነው እትዬ ኢናስ?» ይሉኛል።

«እውነት ነው» እላቸዋለሁ። «እኔም ነበርኩ።»